የተቆለፈው የኮምፒውተር ክፍልና የመምህሩ ዝግጅት፦ ቴክኖሎጂ በደሴና በኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች እንዴት ሥራ ላይ ይውላል?

አንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ሲረከብ ሁላችንም ደስ ይለናል። ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ልጆች በመስኮት አጮልቀው ያያሉ። ደስታው ተገቢ ነው። ጥያቄው የሚመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ያ ክፍል በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ ይከፈታል? ከአይሲቲ (የኮምፒውተር ትምህርት) መምህሩ ሌላ ማን ይጠቀምበታል? የሒሳብ መምህርቷ ቁልፉን ጠይቃ ታውቃለች? የታሪክ መምህሩስ ክፍሉ እርሱንም የሚመለከተው ይመስለዋል?

እነዚህን ጥያቄዎች የማነሣው ኮምፒውተር አያስፈልግም ለማለት አይደለም። በጣም ያስፈልጋል። ነገር ግን ቴክኖሎጂ ክፍል ውስጥ የሚገባው ዕቃ በጫነው መኪና ሳይሆን በመምህሩ የትምህርት ዝግጅት በኩል ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ለማስረዳት ከዚህ በፊት የተሞከረውን፣ ሌሎች አገሮች ያዩትን፣ ከዚያም ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ዛሬ ባለው መብራት፣ ባለው ኔትወርክና ባለው የተማሪ ብዛት ምን ማድረግ እንደሚቻል ላሳይ።

ሁለቱ ከተሞች ጉዳዩን አሁን በቁም ነገር የሚያነሡበት በቂ ምክንያት አላቸው። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት በከተሞቹ በቆየባቸው ሳምንታት ትምህርት ቤቶች፣ ሆስፒታሎችና ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። የጠፋውን የመተካቱ ሥራ ገና የሚቀጥል ነው። ሲተካም የነበረውን ዓይነት መልሶ ከመግዛት በፊት ምን ይሻላል ብሎ የመጠየቅ ዕድል አለ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም አደረጃጀቱን ስድስት ዓመት የመጀመሪያ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ አድርጎታል፤ ለሙያና ለቴክኖሎጂ ትምህርትም ከቀድሞው የሰፋ ቦታ ሰጥቷል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ የጨርቃ ጨርቁ፣ የብረታ ብረቱና የቢራው ፋብሪካ ሥራ ላይ ዓመታት ያስቆጠሩ ናቸው፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩም በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ተመርቋል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት አጥር ውጭ የሚጠብቃቸው ሥራ ከወላጆቻቸው ሥራ የተለየ ነው።

ፕላዝማው ያስተማረን

ስለ ትምህርት ቴክኖሎጂ በኢትዮጵያ ሲወራ ፕላዝማን መዝለል አይቻልም። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በአገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የመማሪያ ክፍሎች ውስጥ ትልልቅ ቴሌቪዥኖች ተሰቀሉ። ትምህርቱ በሳተላይት ይሠራጭ ነበር፤ ዝግጅቱ በአብዛኛው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተሠራ፣ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነበር። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ሠላሳ ያህሉን ስክሪኑ ሲወስድ ለመምህሩ የሚቀረው መግቢያና መዝጊያው ነበር።

ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። የፊዚክስ መምህር ያጣ የገጠር ትምህርት ቤትና የአዲስ አበባ ትምህርት ቤት አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኙ የታሰበ ነው፤ እንዲህ ያለ ምኞት ሊከበር ይገባዋል። የተበላሸው አሠራሩ ላይ ነው። ሥርጭቱ በቀጥታ የሚተላለፍ ስለነበር መምህሩ ሊያቆመው አይችልም። ተማሪ ግራ ሲጋባ ፊቱን አይቶ «እስቲ እንደገና» የሚል ሰው አልነበረም። ስክሪኑ ጥያቄ ጠይቆ ጥቂት ሰኮንዶች ይጠብቅና ይቀጥላል፤ ተማሪው ግን ጥያቄውን ገና በልቡ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለሰ ነው። መብራት ከጠፋ የዚያ ቀን ትምህርት አለፈ ማለት ነው። ከሁሉ የከፋው ግን መምህሩ በገዛ ክፍሉ ውስጥ መሣሪያ የሚያበራና የሚያጠፋ ሰው ሆኖ መቅረቱ ነው። የፕላዝማ ትውልድ የሆኑ ብዙ ሰዎች ዛሬም ድረስ ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ የሚነሣው ይኸው ነው።

ከዚህ ለአዲስ ግዢ ሁሉ የሚሆን መመዘኛ እናገኛለን፦ መምህሩ ሊያቆመው፣ ወደ ኋላ ሊመልሰው፣ በአማርኛ ሊያብራራውና መብራት ቢጠፋ ያለ እርሱ ሊያስተምር የማይችልበት መሣሪያ የመምህሩን ቦታ ይነጥቃል እንጂ አያግዘውም።

ሌሎች አገሮች ያዩት

ፔሩ ለተማሪዎቿ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ትንንሽ ላፕቶፕ አከፋፍላለች። እ.ኤ.አ. በ2012 በ319 የገጠር የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ የተሠራ ጥናት ይፋ ሲሆን በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ የታየ መሻሻል አልተገኘም። ልጆቹ ኮምፒውተር መጠቀም ለምደዋል፤ ያ በራሱ ዋጋ አለው። ላፕቶፑ ግን ክፍል ውስጥ ከሚሰጠው ትምህርት ጋር አልተያያዘም፣ መምህሩም በትምህርቱ ውስጥ እንዴት እንደሚጠቀምበት በቂ መመሪያ አላገኘም።

በኬንያ፣ ኪሱሙ አካባቢ የተደረገው ሙከራ ይበልጥ አስተማሪ ነው። በአንዱ ቡድን ታብሌት የተሰጠው መምህራንን እየዞሩ ለሚደግፉ አማካሪዎች ብቻ ነበር፤ በሁለተኛው ለመምህራኑ፤ በሦስተኛው ለተማሪዎቹ የንባብ መሣሪያ ታደለ። ሁሉም ጥሩ መጽሐፍና ሥልጠና አግኝተዋል። በሦስቱም ቡድኖች የልጆቹ ንባብ ተሻሻለ፤ በሦስቱ መካከል ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ዋጋው ግን በእጅጉ ይለያያል፤ ለአማካሪዎች ጥቂት ታብሌት መግዛትና ለሺህ ተማሪዎች መግዛት አንድ አይደለም። ይህን ወደ እኛ ስናመጣው ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ አጎራባች ትምህርት ቤቶችን በአንድ የሚያስተባብረው የጉድኝት ማዕከል ሱፐርቫይዘር እጅ ላይ ያለ አንድ ታብሌት ብዙ ሥራ ሊሠራ ይችላል ማለት ነው። ሱፐርቫይዘሩ ክፍል ገብቶ ካየ በኋላ ከመምህሩ ጋር አጭር የማስተማሪያ ቪዲዮ ያያል፣ ያየውን ይመዘግባል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያው ይቀጥላል።

ሚዛኑን ለመጠበቅ አንድ የተሳካም ልጥቀስ። በሕንድ ዴልሂ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ተማሪዎች በኮምፒውተር ሒሳብና ሂንዲ የተለማመዱበት ፕሮግራም በአራት ወር ተኩል ውስጥ ትልቅ መሻሻል አምጥቷል። ምሥጢሩ ፕሮግራሙ ልጁን በተመዘገበበት ክፍል ሳይሆን ባለበት ደረጃ ማግኘቱ ነው። ስምንተኛ ክፍል ተቀምጦ ክፍልፋይ ያልገባው ልጅ ከክፍልፋይ ይጀምራል። ስልሳ ተማሪ የያዘ መምህር ይህን ለእያንዳንዱ ልጅ ማድረግ አይችልም፤ ማሽን ይችላል። ማሽን ከሰው የሚበልጥበትን ሥራ ለይቶ መስጠት ማለት እንዲህ ነው።

ውሃ ደሴ ላይ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

ቴክኖሎጂን ከትምህርት ጋር ማዋሐድ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው መምህሩ ማስታወሻውን በፕሮጀክተር ሲያሳይ ነው። ያ ጠመኔን በመብራት መተካት ነው፤ ተማሪው አሁንም ቁጭ ብሎ ይገለብጣል። መነሻው ሌላ መሆን አለበት፦ በጠመኔና በቃል ማስተማር ያልቻልሁት የትኛውን ነው ብሎ መጠየቅ። አንድ ምሳሌ በዝርዝር ልውሰድ፤ እነዚህ ሁለት ከተሞች ለዚህ ትምህርት የተፈጠሩ ናቸውና።

ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል ብለው የደሴ ልጆች ይሸመድዳሉ። ደሴ ላይ ግን በ100 ዲግሪ አይፈላም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች የአየር ግፊቷ ከባሕር ወለል ግፊት ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። የሐረጎን ተራራ ተጠማዝዞ የሚወርደውን መንገድ ተከትለን ኮምቦልቻ ስንደርስ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ይላል፤ መፍያው ነጥብም ወደ 94 ዲግሪ ይጠጋል። ሽምብራና ባቄላ ደሴ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ የሚጣዱበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ውሃው እየተንተከተከም ቢሆን ሙቀቱ ዝቅተኛ ነው።

አሁን አንድ የደሴና አንድ የኮምቦልቻ ትምህርት ቤት ተስማምተው በአንድ ሳምንት ውስጥ ይህን ለካ እንበል። የሚያስፈልገው ምድጃ፣ ድስት፣ ቴርሞሜትር፣ አንድ ላፕቶፕና የመምህሩ ስልክ ነው። አንዳንድ ስልኮች የአየር ግፊት የሚለካ ዳሳሽ በውስጣቸው አላቸው፤ በጀርመን የአኸን ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ፊፎክስ የተባለው ነፃ መተግበሪያ ያለ ኢንተርኔት ይህን ልኬት ያሳያል። እያንዳንዱ ቡድን የለካውን ይጽፋል። ቁጥሩ በኤክሴል ሠንጠረዥ ውስጥ ይገባል፤ አማካዩ ይሰላል፤ በሥዕላዊ መግለጫ ይወጣል፤ ፋይሉ በቴሌግራም ለሌላው ትምህርት ቤት ይላካል።

እውነተኛው ትምህርት የሚጀምረው ቁጥሮቹ አልስማማ ሲሉ ነው። አንዱ ቡድን 90 አገኘ፤ ሌላው 93። ማን ተሳሳተ? ርካሽ ቴርሞሜትር አንድ ዲግሪ ሊስት ይችላል፤ የሁለቱ ከተሞች ልዩነት ደግሞ ሁለት ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ለክቶ መፍረድ አይቻልም። ቴርሞሜትሮቹን በአንድ ዕቃ ውስጥ ጎን ለጎን አድርጎ ማመሳከር፣ ደጋግሞ መለካት፣ ከሌሎቹ ርቆ የወጣውን ቁጥር ከመሰረዝ በፊት ምክንያቱን መፈለግ ያስፈልጋል። ይህን የሠራ ልጅ መረጃ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ እንዴት እንደሚጠረጠርና እንዴት እንደሚነበብ ያውቃል። ለእኔ የዘመኑ ክህሎት ዋናው ይህ ነው፤ በአንድ ላፕቶፕም ሊማሩት ይቻላል። የአይሲቲ መምህሩ ሠንጠረዡን፣ የፊዚክስ መምህሯ ግፊቱን፣ የሒሳብ መምህሩ አማካዩን፣ የጂኦግራፊው ከፍታውን ያስተምራሉ። ኮምፒውተር የአንድ ትምህርት ዓይነት ንብረት መሆኑ የሚቀረው እንዲህ ነው። (በፈላ ውሃ አጠገብ ያለ መምህር ለአፍታም መለየት እንደሌለበት ሳልናገር አላልፍም።)

ቤተ ሙከራው በተዘረፈበት ትምህርት ቤት ደግሞ የማስመሰያ ፕሮግራሞች አሉ። የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት ፌት የተባለው ፕሮጀክት የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የሒሳብ ሙከራዎችን በነፃ ያቀርባል፤ አንዴ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ተማሪው በስክሪኑ ላይ ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል ያገናኛል፤ የባትሪውን ሁለት ጫፎች ያለ አምፖል በሽቦ ብቻ ቢያገናኝ ባትሪው በእሳት ሲያያዝ ያያል፣ የሚከስር ግን የለም። እውነተኛውን ሽቦ በእጅ መንካት ግን አይተካም፤ ሁለት ባትሪና አንድ የእጅ ባትሪ አምፖል የሚገኝ ከሆነ መጀመሪያ እርሱ ይቅደም እላለሁ።

ኢንተርኔት ሳይኖር ቤተ መጻሕፍት

«ኔትወርክ ከሌለ ምን ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ዕቅድ ያስቆማል። መልሱ ከሚታሰበው ቀላል ነው። ሰርቨር ማለት ሌሎች መሣሪያዎች ጠይቀውት ፋይል የሚሰጥ ኮምፒውተር ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። የግድ ውጭ አገር መቀመጥ የለበትም፤ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ መደርደሪያ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። አሮጌ ላፕቶፕ ወይም ራስፕቤሪ ፓይ የተባለው የመዳፍ ያህል ኮምፒውተር በቂ ነው። ከተራ ራውተር ጋር ሲገናኝ በግቢው ውስጥ ዋይፋይ ይፈጠራል። በዚያ ዋይፋይ የገባ ላፕቶፕ ወይም ስልክ ኢንተርኔት አይከፍትም፤ ሰርቨሩ ውስጥ የተከማቸውን ግን ያለ ካርድና ያለ ዳታ ያገኛል። ተራ የቤት ራውተር ብዙ ስልክ በአንድ ጊዜ ሲያጨናንቀው ስለሚንቀራፈፍ ተጠቃሚውን በየተራ ማድረግ ይሻላል።

ምን ይከማችበታል? የትምህርት ሚኒስቴርና የክልሉ መጻሕፍት በፒዲኤፍ፣ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች፣ ከላይ ያነሣኋቸው ማስመሰያዎች፣ ኪዊክስ በተባለው፣ ድረ ገጽን ያለ ኢንተርኔት በሚያስነብበው ነፃ ፕሮግራም አማካይነት ሙሉ ውክፔዲያ፣ ኮሊብሪ በተባለው ነፃ ሥርዓት ውስጥ የተደራጁ የሒሳብና የሳይንስ ቪዲዮዎችና መለማመጃዎች። ኮሊብሪ የተሠራው ኢንተርኔት ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች ታስቦ ነው፤ መምህሩ የትኛው ተማሪ የትኛውን መለማመጃ እንደሠራ ያይበታል። ከሁሉ በላይ ግን መምህራኑ ራሳቸው ያዘጋጁት ነገር ይግባበት። ጥሩ የባዮሎጂ መምህር ጡረታ ሲወጣ የሃያ ዓመት ጥያቄዎቹና ሥዕሎቹ አብረውት ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ ይህ ሁሌም ያሳዝነኛል። በስልክ ፎቶ እየተነሡ አንድ ቦታ ቢቀመጡ ለሚተካው ወጣት መምህር ትልቅ ስንቅ ነው።

ወደ መብራቱ እንምጣ። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ከነስክሪኑ 150 ዋት ገደማ ይወስዳል ብንል ሃያው አንድ ላይ 3,000 ዋት ነው። መብራት ሲጠፋ ይህን ተሸክሞ ሰዓታት የሚቆይ ባትሪ ብዙ ትምህርት ቤት መግዛት አይችልም። ትንሿ ሰርቨርና ራውተሩ ግን አንድ ላይ 20 ዋት ገደማ ይበቃቸዋል። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት የሆነ ባትሪ 1,200 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ እንጠቀም ብንል 600 ዋት-ሰዓት፣ ማለትም 30 ሰዓት አገልግሎት ይሰጣል። በቀን ስድስት ሰዓት ቢሠራ ከሰኞ እስከ ዓርብ ያደርሳል። ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ ስላለው መብራት ባለበት ሰዓት ተሞልቶ ሲጠፋ ይሠራል። ስለዚህ በእኛ ሁኔታ ከሃያ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ይልቅ ስምንት ላፕቶፕ፣ አንድ ሰርቨርና አንድ ደህና ባትሪ የተሻለ ግዢ ይመስለኛል። ለርክክብ ፎቶው ግን አያምርም፤ ችግሩም አንዱ ይኸው ነው።

ስልሳ ተማሪ፣ ስምንት ላፕቶፕ

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ሰባት ስምንት ልጅ ለአንድ። ሁሉም በአንዴ ከተጠጋ አንዱ ይነካል፣ ሁለቱ ያያሉ፣ የቀሩት ያወራሉ። የሚነካውም አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ውስጥ ኮምፒውተር ያለው ወንድ ልጅ ነው፤ ሴቶች ልጆች ማስታወሻ ያዥ ይሆናሉ። መምህሩ ይህን በዝምታ ካለፈው ዕቃው የነበረውን ልዩነት ያሰፋዋል።

የሚሠራው መንገድ ክፍሉን መክፈል ነው። ግማሹ በወረቀት እየሠራ ግማሹ በላፕቶፕ ይሠራል፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ይቀያየራል። በአንድ ላፕቶፕ አራት ልጅ ይቀመጣል፤ አንዷ ትነካለች፣ አንዱ መመሪያ ያነባል፣ ሌላው ይመዘግባል፣ አራተኛዋ ስሕተት ትፈልጋለች፤ በየአምስት ደቂቃው ቦታ ይለዋወጣሉ። ይህ የመምህር ችሎታ ነው፤ በአንድ ቀን ሥልጠና አይገኝም። አንድ መምህር በሌላው ክፍል ገብቶ አይቶ፣ ራሱ ሞክሮ፣ ተነጋግሮ የሚለምደው ነው። ለዕቃ ግዢ በተያዘው ገንዘብ ውስጥ ለዚህ ዓይነቱ ልምምድ ምንም ካልተመደበ ዕቃው እንደሚቆለፍ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል።

መቆለፉን ካነሣን ትክክለኛ ምክንያቱን እንናገር። ብዙ ጊዜ መምህሩ ሰነፍ ሆኖ ወይም ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሆኖ አይደለም። ኮምፒውተሩ በአንድ ሰው ስም የተመዘገበ ንብረት ነው፤ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ ከደመወዙ የሚቆረጥ የሚመስለው እርሱ ነው። ባይከፈት የሚጠይቀው የለም፤ ቢበላሽ ግን የሚጠይቀው ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ሸክም የተጫነበት ሰው ቁልፉን ኪሱ ቢከት አልፈርድበትም። መፍትሔው በጽሑፍ የሰፈረ የአጠቃቀም ደንብ ነው፦ በሥራ ላይ ሳለ የደረሰ ብልሽት በቸልተኝነት ከደረሰው ተለይቶ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ፤ በዓመት የተወሰነ ዕቃ በአገልግሎት እንደሚያልቅ አስቀድሞ ይታመን፤ የትምህርት ቤቱ ሪፖርትም «ስንት ኮምፒውተር አለን» ከሚለው ጋር «ስንት ሰዓት ተከፈተ» የሚለውን ይያዝ። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ለጥገናው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ደሴ ውስጥ የወይዘሮ ስኂን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም አሉ። የኮምፒውተር ጥገናና ኔትወርክ የሚማሩ ተማሪዎች የተግባር ልምምድ የሚያደርጉበት ቦታ ሁልጊዜ ይፈልጋሉ፤ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የተበላሸ ኮምፒውተር ሞልቷቸዋል። ሁለቱን የሚያገናኝ ደብዳቤ መጻፍ ያለበት ሰው ብቻ ነው የሚጎድለው።

ፈተናው፣ ኮዱና አዲሱ መሣሪያ

ስለ ኮምፒውተር ፈተና ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት የተማረ ልጅ ማውስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨብጠው በፈተናው ቀን ከሆነ የሚፈተነው በፊዚክስ አይደለም። ወደ ላይ ወደ ታች መሄዱን፣ መልስ መርጦ መቀየሩን፣ የቀረውን ሰዓት ማየቱን ሲያስብ ጥያቄው ያመልጠዋል። ይህን ለመከላከል ረጅም ኮርስ አያሻም፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በየወሩ አንድ የክፍል ፈተና በኮምፒውተር መስጠት ይበቃል። ወላጆች ከትምህርት ቤት በድፍረት ሊጠይቁት የሚገባ ትንሹ ነገር ይህ ነው።

ኮድ መጻፍም ተገቢ ቦታ አለው። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም በነፃ ኮርስና የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ስልክና ኢንተርኔት ያለው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይሞክረው። ለታናናሾቹ ደግሞ ስክራች የተባለው፣ ትእዛዞችን እንደ ጡብ እየደረደሩ የሚሠሩበት ነፃ ፕሮግራም አለ፤ በአማርኛም ይሠራል፣ ወርዶም ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። ኮምፒውተር በሌለበት እንኳ የኮድን አስተሳሰብ ማስተማር ይቻላል፦ አንድ ልጅ ዓይኑን ተሸፍኖ ከበሩ እስከ ሰሌዳው የሚመራበትን ትእዛዝ ጓደኞቹ በወረቀት ይጻፉ፤ ትእዛዙ ላይ የጎደለው ሁሉ ወንበር ሲነካ ይገለጣል። ኮምቦልቻ ላይ ለሚሠራ ወጣት ግን ከኮድ በፊት የሚያስፈልጉት ሌሎች ናቸው ብዬ አስባለሁ፦ የማሽን መመሪያ አንብቦ መረዳት፣ የምርት ቁጥር በሠንጠረዥ መያዝ፣ ብልሽትን በቅደም ተከተል መፈለግ፣ ሥርዓት ያለው ኢሜይል መጻፍ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተማሪዎች ስልክ ውስጥ ከገባ በኋላ የቤት ሥራ ትርጉም ተለውጧል። መከልከል ብቻውን አይሠራም። የሚሻለው ጥያቄውን መለወጥ ነው። «የአየር ግፊት ምንድን ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ መልሱን ከማሽን ይቀዳል፤ «ቡድናችሁ ለምን ከሌላው የተለየ ቁጥር አገኘ?» የተባለው ግን መቅዳት አይችልም። ማሽኑ በአማርኛ ሲጽፍ፣ በተለይም ስለ አገራችን ታሪክና ቦታ ሲጠየቅ፣ በልበ ሙሉነት ይሳሳታል፤ ተማሪዎች ደሴ ስላሉት ስለ ጦሳ ተራራ ወይም ስለ አይጠየፍ አዳራሽ ጠይቀውት ስሕተቱን እንዲያርሙ ማድረግ ጥሩ የክፍል ሥራ ይወጣዋል።

ወላጅ ምን ይጠይቅ?

በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ስብሰባ ላይ «ኮምፒውተር ይገዛልን» ከማለት በፊት ያሉት ስንት እንደሚሠሩ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚከፈቱ፣ ከአይሲቲ ውጭ የትኞቹ መምህራን እንደሚጠቀሙባቸውና ለመምህራኑ ምን ዓይነት ድጋፍ እንደተያዘ መጠየቅ ይሻላል። ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ካሉ ጽሑፍ የሚያነብላቸው ነፃ ፕሮግራም በኮምፒውተሮቹ ላይ ተጭኖ እንደሆነም ይጠየቅ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እርሱ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ለባትሪ፣ ለመለዋወጫና ለመምህራን ልምምድ የሚሆነው ገንዘብ በዕቅዱ እንዲገባ ጥያቄው ቢዘገይ በግንቦት መቅረብ አለበት፤ በመስከረም የቀረበ እንደሆነ አንድ ዓመት ይጠብቃል።